አለንጋ ያላስተማረው ያሬድ

ግንቦት 11 ቀን በመጣ ቁጥር ስለ ቅዱስ ያሬድ ብዙ ይባላል። የዜማ አባትነቱ ይወሳል፣ ድጓው ይነሳል፣ ከሦስቱ ወፎች የተማረው ሰማያዊ ዝማሬ ይተረካል። ይህን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋልና ልደግመው አልፈልግም። በሕግ ሙያ ውስጥ የቆየ ሰው ግን አንድ የማይለቅ ልማድ አለው። በአንድ መዝገብ ውስጥ ሁሉም ወገን ቶሎ ገልጦ የሚያልፈውን ገጽ ቆም ብሎ ማንበብ ይወዳል። በያሬድ መዝገብ ውስጥ ቶሎ የሚታለፈው ገጽ የተማሪነቱ ገጽ ነው። እኔም ዛሬ የምቆመው እዚያ ላይ ነው።

እንደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ያሬድ በ505 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። እናቱም ልጇን ይዛ ወደ ዘመዷ ወደ አባ ጌዴዎን ሄደች። አባ ጌዴዎን በአክሱም የታወቁ መምህር ነበሩ። የዘመድ ቤት መጠለያም ትምህርት ቤትም ሆነ። ሕፃኑ መዝሙረ ዳዊት እንዲያጠና ታዘዘ፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ዛሬ የያዘውን ነገ ይረሳል። እኩዮቹ ወደፊት ሲሄዱ እሱ ባለበት ቀረ። መምህሩም በዘመኑ ልማድ መሠረት የሚያውቁትን መድኃኒት አዘዙለት፤ ገረፉት። ስንክሳሩ ይህን አይደብቅም። ልጁ መመታቱንና መሰቃየቱን፣ ከዚያም ግርፋቱን መሸከም አቅቶት ከመምህሩ ቤት መጥፋቱን በግልጽ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኢትዮጵያ በዜማ ታሪኳ ከምትኮራባቸው ሰዎች ሁሉ የሚቀድመው ሰው በመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ የወደቀ ተማሪ ነበር። ያን ቀን መንገዱን ቢቀጥል ኖሮ አንድ እረኛ ወይም አንድ አራሽ ሆኖ ይቀር ነበር። ድጓ የሚባል መጽሐፍ ከያሬድ ስም ጋር ተያይዞ አናውቀውም ነበር ማለት ነው።

ልጁ በሽሽቱ ላይ ሳለ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። በዚያም አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስትታገል ተመለከተ። ጥቂት ትወጣና ትወድቃለች፤ እንደገና ትጀምርና እንደገና ትወድቃለች። በተለመደው ትረካ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከላይ ደረሰች፤ ከቅጠሉም በላች። ያሬድ ይህን አይቶ ወደ ሸሸው ቤት ተመለሰ። መምህሩን ይቅርታ ጠይቆ ትምህርቱን ጀመረ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተከፍቶለት ብሉይንና ሐዲስን እንዳጠናቀቀና ዲቁና እንደተቀበለ ገድሉ ይናገራል።

ይህ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ስለ ጽናት ሲነገር ሰምተን አድገናል። እኔ ግን ትሏ ያስተማረችው ጽናትን ብቻ አይመስለኝም። ትሏ ዛፉን በአንድ ዝላይ ልትወጣ አልሞከረችም። በአንድ ጊዜ የምትረግጠው አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ሕፃኑ ያሬድ የተሸነፈው በመዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙራት ብዛት ከሆነ፣ የዛፉ ሥር ትምህርት የብዛትን ፍርሃት የሚያስወግድ ነበር። ከዛፉ ይልቅ የሚቀጥለውን አንድ ስንዝር ማየት ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ይበልጥ ይታወቃል። ሦስት ወፎች ከኤዶም ገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አነጋገሩት። ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰማ። ሲመለስ በአክሱም ጽዮን ቆሞ ዜመ። ንጉሡ፣ ጳጳሱና ሕዝቡም በአድናቆት ተሰበሰቡ። የአፄ ካሌብ ልጅ አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ ሳለ የያዘው ጦር የያሬድን እግር ወጋ። ደም ቢፈስም ወጊውም ተወጊውም ሳያውቁት ዝማሬው እስኪያልቅ ቆዩ። ንጉሡ ሲነቃ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ። የፈለገውን ሁሉ እንደሚሰጠውም ቃል ገባ። ያሬድ ግን ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ ከቤተ መንግሥት እንዲሰናበት ብቻ ለመነ። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በምንኩስና እያስተማረ ኖረ። በ571 ዓ.ም. እዚያው እንደተሰወረ ይነገራል።

ያሬድ ተሰወረ፤ ሥራው ግን ቀረ። በስሙ የሚጠሩት መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። የዜማው ስልቶች ደግሞ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ይህን ሁሉ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ያሸጋገረው የመማሪያ ዘዴ ግን ከቤተ ክህነት ውጭ ብዙም አይታወቅም። እኔን ያስገረመኝም እሱ ነው።

የድጓ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ከዋናው ጽሑፍ በላይ በጣም ደቃቅ ፊደላት ተጽፈው ያገኛል። እነዚህ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በሚባሉ ሊቃውንት እንደተደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ የመሳሰሉት ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት ዝቅ እንደሚል፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ያመለክታሉ። ከእነሱ ሌላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው ከአንድ የታወቀ መዝሙር የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ናቸው። ፊደሉ በሌላ ጽሑፍ ላይ ሲቀመጥ ዘማሪው ያንን የሚያውቀውን አጭር የዜማ ሐረግ አስታውሶ በአዲሱ ቃል ላይ ያውለዋል።

በሌላ አነጋገር ምልክቱ ዜማውን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። የሚያገለግለው አስቀድሞ ጎተራውን ለሞላ ሰው ነው። ተማሪው ከውዳሴ ማርያም ዜማ ይጀምራል። ከመምህሩ አፍ አጭር አጭሩን እየተቀበለ፣ ሌሊት እያደመጠና ቀን እየደገመ ሐረግ በሐረግ ያከማቻል። ከዓመታት በኋላ በጋይንት ቤተልሔም ለድጓ ማስመስከሪያ ሲቀርብ ጎተራው ሞልቷል። ሰፊው ድጓ ተማሪውን የማያስፈራው ጥቂት መቶ ሐረጎች እየተመላለሱ፣ እየተጣመሩና እየተለዋወጡ የሠሩት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ትሏ የረገጠቻቸው ስንዝሮች ማለት እነዚህ ናቸው።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። ኪራሙ፣ ምሥራቅ ወለጋ ነው የተወለደው። የአካባቢውን ያለፉት ዓመታት ሁኔታ አንባቢ ያውቃል። ግጭቱና መፈናቀሉ የብዙ ልጆችን ትምህርት አቋርጧል፤ የእሱንም እንዲሁ። ነቀምቴ ዘመድ ቤት መጥቶ ትምህርቱን ሲቀጥል ከታናናሾቹ ጋር ተቀመጠ። ዘገምተኛ የሚለው ስምም ተለጠፈበት። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ግን ከመዘምራን በተዋሰው አሮጌ ጊታር ብሉዝ ሲለማመድ አገኘሁት። ኤሱማ እያለ ከአጠገቡ አስቀመጠኝና የሚማርበትን መንገድ አሳየኝ።

ሙሉ ዘፈን አይማርም። የሚማረው በብሉዝ ሰዎች ዘንድ ሊክ የሚባለውን፣ አምስት ስድስት ድምፅ ያላትን አጭር ሐረግ ነው። አንዷን ለአንድ ሳምንት ያህል በዝግታ ይደጋግማታል፤ ጣቶቹ ሳያስቡ ሲያገኟት ወደ ሁለተኛዋ ያልፋል። የተለመደው ብሉዝ አሥራ ሁለት ምት ቤቶች አሉት። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይልና ያርፋል፤ በዕረፍቱ ጊታሩ ይመልሳል፤ አዝማሪው ሲያርፍ መሰንቆው እንደሚመልሰው ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ጥሩ ሦስት መልስ ያለው ጀማሪ አንድ ሙሉ ዘፈን ማጀብ ይችላል። መነሻቸውም ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። የሜጀር ትዝታ አምስቱ ድምፆች የብሉዝ ጊታር ጀማሪ በመጀመሪያ ከሚማረው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ጋር አንድ ናቸው፤ የሚለያየው ማረፊያው ነው። ልጁ ያኔ ሰባት ሐረጎች ነበሩት። የአንዷን መጨረሻ ከሌላዋ መጀመሪያ ጋር እያጋጠመ ከማንም ያልሰማውን ነገር ሲጫወት አየሁ። ዘገምተኛ የተባለው ልጅ ቃላት አጠራቅሞ የራሱን ዓረፍተ ነገር መሥራት ጀምሮ ነበር።

የብሉዝን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ደግሞ የሚገርም መመሳሰል አለ። በአሜሪካ ሚሲሲፒ እ.ኤ.አ. በ1911 እንደተወለደ የሚታመነው ሮበርት ጆንሰን በወጣትነቱ ጊታር ሲነካ አድማጭ የሚያባርር ተጫዋች ነበር ይባላል። ታላላቆቹም ይስቁበት ነበር። ከአካባቢው ጠፍቶ ቆየና ሲመለስ ሁሉንም አስደነገጠ። ሰውም በመንታ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ነው አለ። እውነቱ ግን በዚያ መካከል አይክ ዚመርማን ከሚባል ጊታር ተጫዋች ዘንድ ተቀምጦ መማሩ ነው። ጸጥታ ስላለበት ሌሊት ሌሊት መቃብር ቦታ እየሄዱ ይለማመዱ ነበር። ጆንሰን በ27 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ሞተ። በሕይወቱ የቀረጻቸው 29 ዘፈኖች ብቻ ቢሆኑም ዓለም እስከ ዛሬ ከእነሱ ሐረግ ይለቅማል።

የሁለቱን ሰዎች ሕይወት ማመሳሰሌ አይደለም፤ አንዱ ቅዱስ ነው፣ ሌላው የመጠጥ ቤት ተጫዋች። የሚመሳሰለው የእኛ የሰሚዎቹ ጠባይ ነው። የወደቀ ተማሪ ድንገት አዋቂ ሆኖ ሲመጣ በመካከል ያለውን የልምምድ ዘመን ዘለን ወደ ተአምሩ እንሮጣለን። በወፎቹ ማመን የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ እኔም አልከራከርበትም። ግን ገድሉ ራሱ ትሏን ያስቀደማት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወፎቹ የመጡት ተመልሶ መጽሐፉን ለያዘው ልጅ ነው። ትሏን ትተን ወፎቹን ብቻ ስንተርክ የምናተርፈው ሰበብ ነው። ልጁ ካልገባው ተሰጥኦ የለውም እንላለን፤ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ትምህርት ቤቱም ነፃ ይወጣሉ።

ሕጋችን ግን ነፃ አያወጣቸውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። አለንጋው ግን በየመንደሩ ከግድግዳው አልወረደም። ከአለንጋው የማይተናነሰው ስድብም እንዲሁ። ድንጋጌውን ከውጭ የመጣ ቅንጦት አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። እኔ ደግሞ ማስረጃው ከአክሱም ነው እላለሁ። ግርፋቱ ያሬድን አላስተማረውም፤ አሸሸው። የመለሰችው አንዲት ትል ናት።

ያሬድ ዕድለኛ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ዛፍ ነበረ፣ በዛፉም ላይ ትል ነበረች። ከየትምህርት ቤቱ የሚሸሹት ልጆቻችን ሁሉ እንዲህ ያለ ዛፍ ያጋጥማቸዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ፖሊሲ ሊሆን አይችልም። የኪራሙና የመሰሎቿ ልጆች ዓመታት ባክነውባቸው ወደ ክፍል ሲመለሱ ሙሉውን ዛፍ ከፊታቸው አንቆልል። አንዷን ሐረግ እንስጣቸው፤ እስክትዋሃዳቸው እንታገሥ፤ ከዚያ ሁለተኛዋን። ከሊቃውንቱ የወረስነው የማስተማሪያ ዘዴ ይኸው ነውና ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልገንም። ከቅርሱ የማይገባው አለንጋው ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።