ጆን ስኮት ሃልዴንና የቀዝቃዛው ውኃ ጠላቂዎች

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ውኃ ከኰረብቶች መካከል ተኝቶ ያገኘዋል። ይህ ሥፍራ በታሪካችን የሚታወቀው በእስጢፋኖስ ገዳምና በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያው ገዳም ባስፋፉት ትምህርት ነው። ነገር ግን ሐይቁ ለሳይንስ ሰውም የሚያቀርበው ጥያቄ አለው። ጥልቀቱ በመካከሉ 80 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ገጹ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ይገኛል። አንድ ሰው የአየር ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ ከዳር ተነሥቶ ወደዚህ ውኃ ቢጠልቅ፣ እስከ ምን ጥልቀት ወርዶ፣ ምን ያህል ጊዜ ቆይቶ፣ በምንስ ፍጥነት ቢመለስ በጤና ይወጣል?

የዚህን ጥያቄ መልስ መሠረት የጣለው ሐይቅን በዓይኑ ያላየ፣ ስሙም በአገራችን እምብዛም የማይነሣ አንድ የስኮትላንድ ሐኪም ነው። ስሙ ጆን ስኮት ሃልዴን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃልዴን በ1860 በኤዲንብራ ከተማ ከታወቀ ቤተሰብ ተወለደ። ወንድሙ ሪቻርድ ወደ ፖለቲካው ዓለም ገብቶ የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። ጆን ግን ሕክምናን መርጦ በ1884 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም ታካሚ ተቀብሎ በማከም ፈንታ፣ ሰው የሚተነፍሰው አየር ምን እንደሆነና በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ዕድሜውን ሁሉ ሰጠ። በመጀመሪያ በደንዲ ከተማ የድኾች መኖሪያ ቤቶችን አየር መረመረ፤ ቀጥሎም አጎቱ ፕሮፌሰር ወደነበረበት ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ በዚያ ኖረ።

ሥራውን ከሌሎች የሚለየው አንድ ጠባይ ነበረው። ጥያቄውን የሚያገኘው ሠራተኛ በሚሞትበት ቦታ ነበር፤ መልሱንም ቢቻል አስቀድሞ በራሱ ሰውነት ላይ ይፈትነው ነበር። በ1896 በዌልስ አገር ታይለርስታውን በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ተነሥቶ 57 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሃልዴን ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ሬሳዎቹን መረመረ። አብዛኞቹን የገደላቸው ፍንዳታው ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ የቀረው ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ። ይህንኑ ጋዝ ራሱ እየተነፈሰ፣ በስንት ደቂቃ ጉልበት እንደሚከዳና በስንት ደቂቃ ማስተዋል እንደሚጠፋ መዘገበ። ትንንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው በጋዙ ስለሚጠቁ፣ የማዕድን ሠራተኞች አይጥ ወይም ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲወርዱ መከረ። ምክሩም ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በሥራ ላይ ዋለ።

በ1905 ከፕሪስትሊ ጋር ሆኖ ባወጣው ጥናት፣ የአተነፋፈሳችንን ፍጥነት በየጊዜው የሚወስነው በዋናነት የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን በሳምባ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መሆኑን አሳየ። በዚሁ ጊዜ የብሪታንያ ባሕር ኃይል የጥልቅ ውኃ ጠላቂዎቹን ችግር እንዲመረምርለት ጠራው።

የዚያ ዘመን ጠላቂ የሚለብሰው ውኃ የማያስገባ ከባድ ልብስ ነበር፤ በራሱ ላይ የናስ ቁር ይደፋል፤ የሚተነፍሰውም አየር ከላይ በእጅ ከሚገፋ ፓምፕ በቱቦ ይወርድለታል። ጠላቂዎቹ ወደ ጥልቁ ሲወርዱ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ መሥራት ያቅታቸው ነበር። ሃልዴን ምክንያቱን ፈጥኖ ደረሰበት። ፓምፑ የሚሰጠው አየር በጥልቀቱ መጠን ስለማይጨምር፣ ጠላቂው ራሱ ያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቁሩ ውስጥ ይጠራቀማል። በመሆኑም ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚላከው አየር በዚያው ልክ እንዲጨምር አደረገ፤ ጠላቂዎቹም በጥልቁ ውስጥ መሥራት ቻሉ።

ሁለተኛው ችግር ግን የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ጠላቂውን የሚመታው ሥራውን ፈጽሞ ከወጣ በኋላ፣ ባልደረቦቹ ደስ ባላቸው ሰዓት ነበር። ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት የወጣ ሰው መገጣጠሚያው በኃይል ይታመማል፤ አንዳንዱ ከወገቡ በታች ይሽመደመዳል፤ አንዳንዱም ይሞታል። ከወንዝ በታች በታመቀ አየር ውስጥ የድልድይ መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞችም ይህ በሽታ ይይዛቸው ነበር። በኒው ዮርክ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በ1872 በዚሁ ደዌ ተመትቶ ጤናውን አጥቷል።

የበሽታውን ምንጭ ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ገልጾት ነበር። ለአገራችን አንባቢ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ይህን በሚገባ ያስረዳዋል። ጠርሙሱ ተዘግቶ ሳለ ጋዙ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን አረፋ ሆኖ ይፈላል። በጥልቅ ውኃ ውስጥ የታመቀ አየር የሚተነፍስ ሰውም በግፊቱ ኃይል ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ ናይትሮጂኑ በሳምባው በኩል ይወገዳል፤ ፈጥኖ ሲወጣ ግን በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ሰዎች ቀስ ብሎ መውጣት እንደሚገባ ያውቁ ነበር፤ ቀስ ማለት ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ሃልዴን ይህን ለማወቅ በለንደን ሊስተር ተቋም በነበረ የብረት ግፊት ክፍል ውስጥ ፍየሎችን አስገባ። ፍየል በሰውነቷ መጠን ከሰው እጅግ አትርቅም፤ ሲያማትም የታመመውን እግሯን አንሥታ ስለምትቆም ሕመሟን በዓይን ማየት ይቻላል። ከእነዚህ ሙከራዎች አንድ ደንብ ወጣ፤ ይኸውም በሰውነት ላይ ያለው ጠቅላላ ግፊት ወደ ግማሽ እስከሚደርስ ድረስ በፍጥነት ቢቀነስ ጉዳት እንደማይከተል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጠላቂው በየተወሰነው ጥልቀት እየቆመ፣ በየእርከኑ የተመደበለትን ደቂቃ እየጠበቀ መውጣት አለበት። ሃልዴን ደም በብዛት የሚደርሰው የሰውነት ክፍል ጋዝ በቶሎ እንደሚቀበልና እንደሚያስወግድ፣ ስብን የመሰለው ክፍል ግን እንደሚዘገይ ተረድቶ፣ ስሌቱን በአምስት የፍጥነት ደረጃዎች ከፍሎ ሠራው።

ፍየል ከተፈተነች በኋላ የሰው ተራ ሆነ። በ1906 በጋ ሃልዴን ከባሕር ኃይሉ መኰንን ከዳማንትና ከጠላቂው ካቶ ጋር ወደ ስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ሄደ። ሎክ ስትራይቨን የሚባለው ቦታ በተራሮች መካከል የገባ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ በክረምት ቀርቶ በበጋም ውኃው ብርድ ነው። በዚያም ሁለቱ ጠላቂዎች በየቀኑ ጥልቀቱን እየጨመሩ ወርደው 64 ሜትር ደረሱ፤ በሠንጠረዡ መሠረት በየእርከኑ እየቆሙ ወጥተውም ጤነኞች ሆነው ተገኙ። በዚያው ሰሞን ሃልዴን የ13 ዓመት ልጁን ጃክን የጠላቂ ልብስ አልብሶ ወደ ውኃው አወረደው። ልብሱ ለልጁ ሰፊ ስለነበር ውኃ ገባበት፤ ልጁ ግን በደኅና ወጣ። ይህ ድርጊት በዛሬው ሚዛን ሲመዘን የሚያስወቅስ ነው። ሆኖም ሃልዴን በሌሎች ላይ የሚያደርሰውን አደጋ ከራሱና ከቤተሰቡ የሚያርቅ ሰው እንዳልነበረ ያሳያል። ልጁም በኋላ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን ተብሎ የታወቀ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሆኗል።

ጥናቱ በ1908 ታተመ፤ ሠንጠረዡም ከብሪታንያ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ባሕር ኃይሎች ተሻገረ። ውጤቱን ከሁሉ ይልቅ ያስመሰከረው ዳማንት ራሱ ነው። በ1917 ሎረንቲክ የተባለች መርከብ በአየርላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ 3,211 የወርቅ ቡና ቤቶችን ሳይሆን፣ ያንኑ ያህል የወርቅ ጡቦችን እንደ ጫነች ሰጠመች። ዳማንት የመራቸው ጠላቂዎች በዚያ ቀዝቃዛና ሞገደኛ ባሕር እስከ 1924 እየተመላለሱ 3,186ቱን አወጡ፤ በዚህም ሥራ የሰው ሕይወት አልጠፋም።

ሃልዴን ግን በሁሉም ነገር ትክክል አልነበረም። በ1911 ፓይክስ ፒክ ወደተባለው 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የአሜሪካ ተራራ ወጥቶ ከባልደረቦቹ ጋር አምስት ሳምንት ያህል ተቀመጠ። ከዚያም ሳምባ በከፍታ ላይ ኦክሲጅንን በራሱ ኃይል ወደ ደም ይገፋል ብሎ ደመደመ። ክሮግና ባርክሮፍት የተባሉት ተመራማሪዎች ይህ እንዳልሆነ በሙከራ ቢያሳዩም ሐሳቡን አልለወጠም። እንደዚሁም የግማሹ ደንብ ለረጅምና ለጥልቅ ቆይታ እንደማይበቃ በኋላ የመጡ ሰዎች ደርሰውበታል። ለማንኛውም የስሌቱ መንገድ ጸንቶ ቆይቷል። ኩስቶና ጋኛን በ1943 ጠላቂውን ከቱቦ ያላቀቀውን የአየር መሣሪያ ከሠሩ በኋላ፣ ማንም ሰው ጠርሙሱን አዝሎ ከዳር ወደ ውኃ መግባት ሲጀምር፣ የሚመራው ከሃልዴን በተወረሰ ስሌት ነው። ዛሬ በጠላቂ እጅ ላይ የሚታሰረው ኮምፒዩተርም በአብዛኛው የሚያሰላው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሐይቃችን እንመለስ። በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት አንድ ቢባል፣ 10 ሜትር ሲጠለቅ ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ ከዚያ ጥልቀት በቀጥታ የሚወጣ ሰው ግፊቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ የሃልዴን ደንብም ይህን ይፈቅዳል። በሐይቅ ገጽ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 0.8 ያህል ብቻ ነው። ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው በ8 ሜትር ነው። በመሆኑም ለባሕር የተሠራውን ሠንጠረዥ ይዞ ሐይቅ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው፣ በደንቡ ውስጥ ያለ እየመሰለው ከደንቡ ይወጣል። የስዊስ ሐኪም አልበርት ቡልማን ለተራራ ሐይቆች የሚሆን ስሌት ያዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነበር። በተጨማሪም ጠልቆ የወጣ ሰው ወዲያው በመኪና ወደ ደሴ ቢወጣ፣ ግፊቱ እንደገና ስለሚቀንስ አደጋው ይከተለዋል። ከምፅዋ ባሕር ወጥቶ በዚያው ቀን 2,300 ሜትር ከፍታ ወዳላት ወደ አሥመራ የሚወጣ ጠላቂማ አደጋው የባሰ ነው። ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጠላቂው ሲወርድ በሥራ ሞቆ የተቀበለውን ጋዝ፣ ሲወጣ በርዶት የደም ሥሩ ሲጠብብ በቶሎ አያስወግደውም። እነዚህን ነገሮች የማያውቅ ሐኪም፣ ከውኃ ወጥቶ እግሩ የከዳውን ሰው ድካም ነው ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል።

የሃልዴን የመጨረሻ ዓመታት ከአገራችን ታሪክ ጋር በአሳዛኝ መንገድ ይገናኛሉ። በ1915 ጀርመኖች በኢፕር ግንባር መርዘኛ ጋዝ በለቀቁ ጊዜ፣ ጋዙን እንዲለይ ወደ ፈረንሳይ የተላከው እሱ ነበር። ክሎሪን መሆኑን አውቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ መከላከያውንም ለማግኘት ከረዳቶቹ ጋር ጋዙን ራሱ ተነፈሰ። በ1925 በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከለከለ። ሃልዴን በኢራቅና በፋርስ የነዳጅ ሠራተኞችን የሙቀት ሕመም መርምሮ ከተመለሰ በኋላ በማርች ወር 1936 በኦክስፎርድ አረፈ። በዚያው ወር ስምምነቱን የፈረመችው ኢጣልያ በሰሜን ኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ታርከፈክፍ ነበር። ከማይጨው ጦርነት በኋላም፣ በኤፕሪል መጀመሪያ፣ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረው ሠራዊታችን በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በቦምብና በዚሁ መርዝ ተመታ። የሃልዴን ዕውቀት ያን ጊዜ በዓለም ላይ ነበረ፤ ወደ እነዚያ ወታደሮች ግን አልደረሰም።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው በራስ ላይ ሙከራ ማድረግን አይደለም። ትምህርቱ፣ ዕውቀት ሕይወት የሚያድነው በአደጋው ቦታ ለሚገኘው ሠራተኛ በሚገባው ቍጥር ተጽፎ በእጁ ሲደርስ መሆኑ ነው። በሐይቅ፣ በጣናም ሆነ በሌሎች ውኃዎቻችን ሰው በሰጠመ ጊዜ ከዳር ዘሎ የሚገባ ደፋር ዋናተኛ አይጠፋም። የአየር ጠርሙስ ይዞ የሚገባ ሲኖር ደግሞ፣ ለከፍታችን የተሰላ ሠንጠረዥ በእጁ እንዲኖርና ሲወጣ ምልክቱን የሚያውቅ ሐኪም በአቅራቢያው እንዲገኝ ማድረግ የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።