ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ፦ ባስተማሩበት ሆስፒታል የታመሙት ቀዶ ሐኪም

አዲስ አበባ፦ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990 ዓ.ም. አንድ የልብ ሕመምተኛ እስረኛ ተኝተው ነበር። እኒህ ሰው የብዙ ቀዶ ሐኪሞች መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ናቸው።

በሰኔ 1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ፋሺስቶች አባታቸውን ገደሉባቸው፤ ያደጉትም ድሬዳዋ ነው። የሜክሲኮ አደባባይ ስያሜ መነሻው ሜክሲኮ ያንን ወረራ አለመቀበሏ መኾኑም እዚህ ላይ ይታወሳል።

ከነጻነት በኋላ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በእስክንድርያው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ። ሕክምናን በኤዲንብራ አጠናቅቀው፣ በቀዶ ሕክምና ተክነው ተመለሱ። ከንጉሠ ነገሥቱ ሐኪሞች አንዱም ኾኑ። ከዚህ ማዕረግ ይልቅ የሚልቀው ሥራቸው ግን በ1950ዎቹ የተከፈተውን የሕክምና ፋኩልቲ ከመሠረቱት አንዱ መኾናቸውና በዲንነት መምራታቸው ነው።

በ1960 ዓ.ም. ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን ልብን ከሰው ወደ ሰው አዛወረ። መድኃኒት ለማይመልሰው የልብ ድካም ቀዶ ሕክምና ብዙ መንገድ አለው፤ የተዘጋ የደም ሥርን በሌላ ሥር ማሻገር፣ የተበላሸ የልብ በር መጠገን ወይም መቀየር፣ ደም የሚገፋ መሣሪያ መትከል፣ በመጨረሻም ልብ መተካት። ለዚህ ሁሉ ግን የሰለጠነ እጅ ብቻውን አይበቃም። ቀዶው ሲከናወን የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ ማሽን፣ ከቀዶው በኋላም ሌት ተቀን የማይለዩ ነርሶች ያስፈልጋሉ።

ፕሮፌሰር ዐሥራት በ1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሠረቱ። በ1986 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ በእስር ላይ ሳሉም ልባቸው ታመመ። ለውጭ ሀገር ሕክምና የተለቀቁት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ነበር። ለደከመ ልብ እያንዳንዱ የዘገየ ወር ጉዳት ነውና እጅግ የዘገየ ፈቃድ ነበር። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላደልፊያ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ።

በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል የተከፈተው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. ነው። ዋነኛ ታካሚዎቹም ሕፃናት ናቸው፤ በጊዜ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልባቸውን በር ያበላሸባቸው የገጠር ልጆችም በዚያ ይታከማሉ።