ሰማዕቱ አቡነ ሚካኤል ዘጎሬ፦ ሕገ እግዚአብሔርን በመጠበቅ የሚገኝ ደስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ደስታን ከሕግ ውጭ የሚሹ ብዙዎች ናቸው። ትእዛዘ እግዚአብሔር ግን የሰውን ደስታ ሊነጥቅ ሳይሆን ሊጠብቅ የተሰጠ ቅጥር ነው። ከቴፒ በማሻ በኩል ወደ ሰሜን ሲጓዙ በምትገኘው በጎሬ ከተማ በሰማዕትነት ያረፉት የብፁዕ አቡነ ሚካኤል ሕይወት ይህን ያስተምረናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፥ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ዮሐንስ 19ኛ አንብሮተ እድ ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። ከእነርሱም አንዱ አቡነ ሚካኤል ነበሩ፤ ሌላው በአዲስ አበባ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተሰዉት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። አቡነ ሚካኤል መንበራቸውን በጎሬ አድርገው ምእመናንን መጠበቅ ጀመሩ። የጳጳስ የዘወትር ሥራ መጸለይ፥ ማስተማር፥ ካህናትንና ዲያቆናትን መሾም፥ የተጣላውን ማስታረቅ ነው። ዓለም የማያየው ይህ የየዕለት መታዘዝ ሰውን ለፈተና ቀን ያዘጋጀዋል።

ያ ቀን ደረሰ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ፥ ጎሬ ላልተያዘው ምዕራብ መናገሻ ሆነች። አቡነ ሚካኤል ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ አስተማሩ። በ1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ሲይዝ ሕይወታቸውን ለማትረፍ አንድ መንገድ ነበር፤ ይኸውም ትናንት ግፍ ነው ብለው ያስተማሩትን ዛሬ ጽድቅ ነው ብለው መመስከር። ይህ ግን በሐሰት አትመስክር የሚለውን ሕግ መሻር፥ የታመናቸውንም መንጋ ማሳት ነበር። ስለዚህ ሞትን መረጡ፤ በጎሬም ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕት ብላ ታስባቸዋለች።

እኛ ዛሬ ሰይፍ አልተመዘዘብንም። በቴፒና በሚዛን ቡና አገር ፈተናችን የሚመጣው በሚዛን በኩል ነው፤ እርጥቡን ጀንፈል ደረቅ ብሎ መሸጥ፥ የለቃሚውን ዋጋ ማጉደል፥ ድንበር መግፋት፥ ለዘመድ ብሎ በሐሰት መመስከር። ያለ አግባብ የተገኘ ገንዘብ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ እንቅልፍ ግን አይሰጥም። የለቃሚውን ዋጋ ከፍሎ የገባ ሰው ገበታው ቢሳሳም ከልጆቹ ጋር ያለ ፍርሃት ይቆርሳል፤ ለጸሎትም ሲቆም ኅሊናው አይከሰውም። የቡና ችግኝ እንኳ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት መታገሥን ይጠይቃል። የመታዘዝም ደስታ እንዲሁ በየዕለቱ እየተኮተኮተ ያድጋል። የወደቀም ቢሆን በንስሐ ይመለሳል፤ የወሰደውን ይመልሳል፤ ደስታውንም እንደገና ያገኛል።

የሰማዕቱ የአቡነ ሚካኤል በረከት ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።