ሠዓሊው ሬንዋርና የጣቶቹ ሕመም

ፒየር ኦገስት ሬንዋር እ.ኤ.አ. በ1841 በፈረንሳይ ሊሞዥ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤተሰቡ ችግረኛ ስለነበረ ገና በ13 ዓመቱ በሸክላ ዕቃ ላይ አበባ የሚሥል ተለማማጅ ሆነ። ማሽን ሥራውን ሲወስድበት ማራገቢያ እየሣለ ኖረ፤ ኋላም ሥዕል ተማረ። በ1874 ከሞኔና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ፓሪስ ውስጥ ሥዕሉን ሲያሳይ ብዙዎች ተሳለቁባቸው። ዛሬ ኢምፕሬሽኒስቶች ተብለው በዓለም ይታወቃሉ።

ሬንዋር 50 ዓመት ሲሞላው ገደማ መገጣጠሚያዎቹ እያበጡ ይጠዘጥዙት ጀመር። ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነበር። ይህ ሕመም የሚመጣው ከበሽታ የሚጠብቀን የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተጣጠፉ፤ በ1912 ገደማ መራመድም ተሳነው። መዳፉ እንዳይቆስል በጨርቅ ይጠቀልሉለታል፤ ብሩሹንም በጣቶቹ መካከል ያስገቡለታል። እንዲህ እየሆነ በ1919 እስኪሞት ድረስ ሣለ።

የእርሱን ሕይወት ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥነው በምክንያት ነው። እኛ በዳሚ ብዙዎቻችን በእጃችን ሠርተን የምናድር ነን። ጣት ሲያብጥ ግን አንዳንዶቻችን ብርድ መታኝ እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ከአያት የወረደ ነው ብለን ዝም እንላለን።

እውነት ነው፣ ዘር ድርሻ አለው። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ኤችኤልኤ የሚባሉ ዘረ መሎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚያያዙ አገኙ። እነዚህ ዘረ መሎች መከላከያችን የራሱን ከባዕድ እንዲለይ ይረዳሉ። ይሁን እንጂ ዘር ፍርድ አይደለም። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከ100 በ15 ገደማ ብቻ ነው። ዘረ መሉ ያለበት ሰው ሲጋራ ካጨሰ ግን አደጋው በብዙ ይጨምራል። ሬንዋርም አጫሽ ነበር፤ ሆኖም በዘመኑ ዘረ መልን የሚመረምር ስላልነበረ በእርሱ ላይ ምን ያህል እንደሠራ መናገር አይቻልም።

ሬንዋር ያላገኘውን እኛ እናገኛለን። እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች በጊዜ ከተጀመሩ መገጣጠሚያን ከመጣመም ያድናሉ፤ አንዴ የተበላ መገጣጠሚያ ግን አይመለስም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጠዋት ጠዋት ጣት ለረጅም ሰዓት አልታጠፍ ካለ፣ የሁለቱም እጅ መገጣጠሚያ ካበጠና ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ዘንድ እንሂድ። በቤተሰብ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ለሐኪሙ እንንገር። ተማሪዎች ደግሞ ሲጋራን ከመጀመሪያው አትንኩ። የአያታችንን ዘር መምረጥ አንችልም፤ ወደ ሐኪም የምንሄድበትን ቀን ግን እንመርጣለን።