ዋልያንና የቀይ ባሕሩን አዳኝ ዓሣ በአንድ መጽሐፍ ያሰፈረው ሰው

ዩቲዩብ ላይ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ስሙን ባታውቁትም ይህን ዓሣ ሳታዩት አትቀሩም። ጀልባዋ የኮራል ሪፉ ጠርዝ ላይ ትቆማለች፤ ባሕሩ ጥልቀት ከሌለው ቦታ ተነስቶ ድንገት ገደል የሚገባበት ማለት ነው። አጥማጁ ዓሣ የሚመስል ከባድ ብረት ወደ ታች ይለቅና በኃይል እየነጠቀ ወደ ላይ ይስበዋል። አንድ ነገር ይይዘዋል፤ ዘንጉ እስከ ውኃው ድረስ ይጎብጣል። የተያዘው ዓሣ ወደ ላይ አይዘልም፤ ቁልቁል ወደ ኮራሉ ነው የሚምዘገዘገው። ክሩ ኮራሉን ከነካ ደግሞ አበቃ፣ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ሰውየው ባዶ ዘንግ ይዞ ሲራገም ቪዲዮው ያልቃል።

ዓሣው የቱና ዘመድ ነው። ጥርሶቹ ትልልቅና ሹል ስለሆኑ ፈረንጆቹ ባለ ውሻ ጥርስ ቱና ይሉታል። ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ሳይንሳዊ ስሙ ጂምኖሳርዳ ዩኒኮሎር ሲሆን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ገለጻ የታተመው በፈረንጆቹ 1836 ነው። እኔን ያስገረመኝ ዓሣው ሳይሆን የታተመበት መጽሐፍ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሐበሻ አገር እንስሳት አካል የሆኑ አዳዲስ ባለ አከርካሪዎች እንደማለት ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዋልያ አለ። ጭላዳ አለ። ቀይ ቀበሮም አለ። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደለት እንስሳና የስፖርት አጥማጆች የሚያልሙት የባሕር አዳኝ በአንድ ሰው እጅ ተጽፈው፣ በአንድ ርእስ ሥር ታትመዋል።

ሰውየው ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። በ1794 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ስለነበር ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1817 ወደ ሲና ሄደና እዚያ ሁለት ሰዎች አገኘ። አንዱ ሄንሪ ሶልት ነው፤ የኛን ታሪክ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፣ ትግራይ ድረስ መጥቶ የጻፈ እንግሊዛዊ ነው። ሌላው ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ቡርክሃርት ነው። ከዚያ በኋላ ሩፔል ንግዱን ትቶ ጣሊያን ሄደ፤ በፓቪያና በጄኖዋ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት መማር ጀመረ። እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ክፍል ውስጥ አንድን ነገር ስትመርጥ የተውከው ነገር ዋጋ ነው እየተባለ ነው ያደግነው። የባንክ ልጅ ሆኖ በሙቀትና በወባ መሃል ዓሣ አልኮል ውስጥ መንከር የመረጠ ሰው ሒሳቡን እንዴት እንደሠራው ቢነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ጉዞው በ1821 ተጀመረ። ሚካኤል ሃይ የሚባል ሐኪም ረዳት ይዞ ሲናን አቋረጠ፣ አቀባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ፣ ናይልን ተከትሎ ኑብያ ገባ። ወደ ሐበሻ ለመግባት አስቦ ነበር፤ ግን ምጽዋ ላይ ሕመም ያዛቸውና ጉዞው እዚያው ቆመ። በ1827 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የሰበሰበውም የቀይ ባሕር ዓሣ ብቻውን መጽሐፍ ወጣው።

በዚህ ረክቶ መቀመጥ ይችል ነበር። በ1830 እንደገና ተነሳ። በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደጋው ወጣ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ጎንደር ያለው ንጉሥ የስም ብቻ ነው፣ ሰሜን በደጃዝማች ውቤ እጅ ነው፣ ጎጃም በደጃዝማች ጎሹ። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚሆነው ካሣ ገና ልጅ ነው። መንገዱን ሽፍታም የመሳፍንት ጦርም ይዘጋዋል። ሩፔል ክረምቱን ሰሜን ተራሮች ላይ አሳለፈው። ዋልያን ያገኘው እዚያ ነው። ቀይ ቀበሮንም በሳይንሳዊ ስሟ ሲሜንሲስ ያላት፣ የሰሜኗ ለማለት ነው፣ ከዚሁ የተነሳ ነው። ከዚያ ጎንደር ገባ፣ ወደ ጣና ወረደ፣ በ1833 በመጣበት በምጽዋ በኩል ወጣ።

ፍኖተ ሰላም አልደረሰም፤ ቡሬም አልደረሰም። ይህን የምለው የአገሬ ሰው ታዋቂ ሰው ሁሉ በእኛ በኩል አልፏል ማለት ስለሚወድ ነው። ያም ሆኖ እኛ ሰፈር የእሱ ስም ያልነካው ነገር ማግኘት ይከብዳል። ጠዋት ጠዋት የቤት ጣሪያ ላይ የሚጮኸው ማጅራቱ ነጭ፣ አፉ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቁራ? ለሳይንስ የገለጸው ሩፔል ነው። መስክ ላይ ከከብት ጋር የሚግጥ የሚመስለው፣ ሲነሳ የሚንጫጫው ረጅም አፍ ወፍስ? እሱም የሩፔል ነው። በነገራችን ላይ የራሱን ስም የያዘ ጥንብ አንሳም አለ። ከዚህ ዝርያ አንዱ በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል፤ እስካሁን ከተመዘገበው የወፍ በረራ ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው ልመለስ፤ የሰውየው ነገር እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው።

በቀይ ባሕር ሪፍ ላይ የሚያድኑ ብዙ ዓሦችን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሩፔል ነው። ባለ ውሻ ጥርሱን ቱና ብቻ አይደለም። የክንፋቸው ጫፍ ነጭ የሆኑ ሁለት የተለያዩ የሻርክ ዓይነቶችን በ1837 ገልጿል። ከሁለቱ ትልቁ የስፖርት አጥማጆች ጠላት ነው፤ ቱናው ተይዞ ደክሞት ወደ ላይ ሲወጣ ሻርኩ ይመጣና ግማሹን ገምጦ ይሄዳል። አጥማጁ ጭንቅላት ብቻ ይስባል። እንግዲህ የተሰረቀውም የሰረቀውም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ሰው ብዕር ነው። በዚያ ዘመን የዓሣ ተመራማሪ ናሙናውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዓሣ አጥማጅና ከገበያ ነበር። ከጀርባው ሌሊት ታንኳ ላይ ያደሩ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ የባሕር ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ጣና ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አዳኝ አገኘ። የሐይቁ ነጭ ዓሣ፣ ተመራማሪዎች ባርበስ የሚሉት፣ አገጩ ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ሌላው ዓለም ላይ በአብዛኛው ትል፣ ቅጠልና ጭቃ ለቃሚዎች ናቸው። ጣና ላይ ግን ዓሣ የሚበሉ ሆኑ። ምክንያቱ ጢስ አባይ ነው። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ዘግቶታል፤ እንደ ናይል ፐርች ያለ ትልቅ አዳኝ ጣና የለም። ቦታው ክፍት ስለነበር ነጩ ዓሣ ያዘው። ገበያ ላይ ተፎካካሪ የሌለበት ክፍተት ሲገኝ ማለት ነው፤ ጥርስ ባይኖርህም ትገባበታለህ።

ሩፔል ይህን የዝግመተ ለውጥ ታሪክ አላወቀም፤ የዳርዊን መጽሐፍ ገና ከሃያ ዓመት በላይ ይቀረዋል። ያየውን ግን አየ። ከጣና ያመጣቸውን ነጭ ዓሦች አንድ ናቸው አላለም፤ በ1835 እና በ1836 ለያይቶ ገለጻቸው። ኢንተርሚዲየስ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ ነድጂያ እያለ ስም ሰጣቸው። ከእነዚህ ጎርጓሪ ዓሣ አዳኙ ነው። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ዋልያን ዋሊ፣ ጭላዳን ጌላዳ ብሎ የጻፈ ሰው ነውና የሰማውን ስም ማስቀረት ይወድ ነበር። በዚያ ዘመን አዲስ እንስሳ ያገኘ አውሮፓዊ ብዙ ጊዜ የጌታውን ወይም የወዳጁን ስም ይለጥፍበታል። እኔ ለዚህ ሰው ክብር ከምሰጥባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ሳይንሱ ራሱ ካደው። በ1970ዎቹ የተሠራ ጥናት እነዚህ ሁሉ መልካቸው የተለያየ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ በኢንተርሚዲየስ ስም ጠቀለላቸው። የጣና አጥማጅ ግን ጀልባው ላይ ለያይቶ ይጠራቸው ነበር። በ1990ዎቹ ከሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች እንደገና ለክተው፣ የሚበሉትንና የሚራቡበትን አይተው፣ 15 ዝርያዎች እንደሆኑ ጻፉ። ከእነሱ 8ቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው። ሩፔል ከ150 ዓመት በኋላ ትክክል ወጣ፤ አጥማጆቹም ከእሱ ጋር።

ምዕራብ ጎጃምን የሚመለከተው ክፍል ይህ ነው። ሰከላ ላይ ከግሽ አባይ የሚነሳው ግልገል አባይ ጣና ይገባል። ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲደፈርስ፣ አብዛኞቹ ነጭ ዓሦች ሐይቁን ትተው እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ንጹሕ፣ ጠጠር ያለው፣ አየር የበዛበት ውኃ ይፈልጋሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ድሮ ሐይቁ ላይ የሚያጠምደው በደንገል ታንኳ ነበር። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። መረቡ የት ይዘረጋል? ዓሣው በሚሰበሰብበት፣ እንቁላሏን በሆዷ ይዛ በምትሄድበት በር ላይ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በጣም አሽቆለቆለ። ወደ ላይ ያለፈው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትን አለ፣ ትንሹም ትልቁም ተገልብጦ ይንሳፈፋል። መራዊ አጠገብ የተሠራው የቆጋ ግድብም መንገዱን ቆርጦታል። ግድቡ ብዙ ገበሬ በመስኖ አብልቷል፤ ያንን የሚክድ የለም። ዓሣው ግን በመስኖ ሒሳብ ውስጥ ዋጋ አልወጣለትም።

እኔ ያደግኩበት ላህ ወንዝ ወደ ጣና አይሄድም። ላህም ብርም የቡሬው ፈጣምም ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ነው የሚወርዱት። በአባይ ገባሮች በሰፊው የሚገኘው ግን ያው ሩፔል በ1835 የገለጸው ኢንተርሚዲየስ ነው። ልጅ ሆነን በሽቦ መንጠቆና በትል ስንይዘው ዓሣ ብቻ ነበር የምንለው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው የሚከራከሩ ሽማግሌዎች ነበሩ እንጂ ስሙ ምንድን ነው ያለን ሰው አልነበረም።

ሩፔል አገሩ ከገባ በኋላ የጉዞ መጽሐፉን በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840 አሳተመ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው። ከኢትዮጵያ ያመጣቸውን የብራና መጻሕፍት ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት አስረከበ። ስለ ብራናዎቹ ደስ አይለኝም፤ ዋልያውን አይቶ ሲጽፍ ዋልያው ተራራው ላይ ቀርቷል፣ ብራናው ግን አልቀረም። ሳንቲም መሰብሰብም ይወድ ነበር። እዚያ ላይ የባንክ ልጅነቱ ሳይመለስበት አልቀረም። በታኅሣሥ 1884 በተወለደባት ፍራንክፈርት አረፈ፤ 90 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ያ የሐበሻ አገር እንስሳት ያለው መጽሐፍ ዛሬ ቢጻፍ ርእሱ አይሠራም፤ ከ1993 ወዲህ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ቱናው ዛሬም ዳህላክና ሱዳን ሪፍ ላይ አለ፤ ሊይዙት የሚመጡ ሀብታሞችም በቀን ብዙ ዶላር ይከፍላሉ። ዓሦቹ ራሳቸው፣ ከቀይ ባሕርም ከጣናም ሩፔል የሰበሰባቸው፣ ፍራንክፈርት በሚገኘው በዜንከንበርግ ሙዚየም በጠርሙስ ተቀምጠዋል። በሳይንስ ሕግ አንድ ዝርያ ሲያከራክር የመጨረሻው ዳኛ ስሙ መጀመሪያ የተሰጠበት ናሙና ነው። ባሕር ዳር ያለ ወጣት ተመራማሪ ከመረብ ያወጣው ዓሣ በእርግጥ ጎርጓሪ መሆኑን ከዚያ ጋር ማመሳከር ቢፈልግ፣ ሐይቁ ደጁ ላይ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል።