ጄምስ ጃመርሰን

ጄምስ ጃመርሰን (ከጥር 20 ቀን 1928 እስከ ሐምሌ 26 ቀን 1975 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1936–1983) አሜሪካዊ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። በዲትሮይት ከተማ በሞታውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ስቱዲዮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ዘፋኞችን በማጀብ ሠርቷል። በዓለም ዙሪያ ከተደመጡት የሶል ዘፈኖች በብዙዎቹ ላይ የሚሰማው ቤዝ የእሱ ነው፤ ሆኖም በሕይወት ሳለ ስሙን የሚያውቀው አድማጭ ጥቂት ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ጃመርሰን የተወለደው በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ከቻርልስተን ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በኤዲስቶ ደሴት ነው። በ1954 እናቱ ወደምትኖርበት ዲትሮይት ሄደ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ተቆሞ የሚጫወቱትን ትልቁን ደብል ቤዝ ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ የጃዝና የብሉዝ ክበቦች መጫወት ጀመረ።

በሞታውን

ከ1959 ጀምሮ በቤሪ ጎርዲ በተመሠረተው ሞታውን ተቀጠረ። ስቱዲዮው ከመኖሪያ ቤት የተለወጠ ሲሆን፣ ሙዚቀኞቹ ጠባቡን የቀረጻ ክፍል «የእባብ ጉድጓድ» ይሉት ነበር። ቋሚዎቹ አጃቢዎች ፈንክ ብራዘርስ ይባላሉ፤ አብዛኞቹ እንደ ጃመርሰን ከጃዝ የመጡ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከደብል ቤዝ ወደ ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ተሸጋገረ። ከተጫወተባቸው ዘፈኖች መካከል የቴምፕቴሽንስ «ማይ ገርል»፣ የሱፕሪምስ «ዩ ካንት ሃሪ ላቭ»፣ የፎር ቶፕስ «በርናዴት» እና የስቲቪ ወንደር «አይ ዋዝ ሜድ ቱ ላቭ ኸር» ይገኙበታል።

ሞታውን በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ የአጃቢዎቹን ስም አይጽፍም ነበር። የጃመርሰን ስም በታላቅ የሞታውን አልበም ላይ የሰፈረው በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው።

አጨዋወቱ

ከእሱ በፊት የቤዝ ተጫዋች ሥራ በአብዛኛው የኮርዱን መሠረታዊ ድምፅ እየደጋገሙ ምቱን መጠበቅ ነበር። ጃመርሰን ግን ከጃዝ ያመጣቸውን መሸጋገሪያ ድምፆችና ከዋናው ምት ውጭ የሚያርፉ ኖታዎች በማስገባት፣ ቤዙ ከዘፋኙ ዜማ ሥር የራሱ ዜማ እንዲኖረው አደረገ።

ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ስለነበር ጣቱ «መንጠቆ» የሚል ስም ወጥቶለታል። የ1962 ፌንደር ፕሪሲዥን ጊታሩን «ፈንክ ማሽን» ይሉታል። ክሮቹ ወፍራምና ከእጀታው ከፍ ያሉ ሲሆኑ፣ ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም ነበር። በብሪጁ ክዳን ሥር ያለው ስፖንጅ ድምፁን አጭርና ድፍን ያደርገዋል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሞታውን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ጃመርሰን ተከትሎ ሄደ፤ በ1973 ግን ከድርጅቱ ጋር ያለው ውል ተቋረጠ። ለሌሎች አሳታሚዎች መሥራቱን ቢቀጥልም፣ የቤዝ ድምፅ ፋሽን መለወጡና የመጠጥ ሱሱ መባባሱ ሥራውን አመናመኑት። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ «ፈንክ ማሽን» ተሰረቀ። ከጉበት ሕመም ጋር በተያያዘ ችግር በ47 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ አረፈ፤ የተቀበረው በዲትሮይት ነው።

ከሞቱ በኋላ

በ1989 ስለ ሕይወቱና አጨዋወቱ መጽሐፍ ታተመ። በ2000 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገባ፤ በ2002 ስለ ፈንክ ብራዘርስ ዘጋቢ ፊልም ቀረበ። ከእሱ እንደተማሩ ከሚናገሩት የቤዝ ተጫዋቾች አንዱ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው። ዛሬ ቤዝ ጊታር የሚያጠኑ ተማሪዎች በአንድ ወቅት ስም ሳይጻፍባቸው የወጡትን የጃመርሰን ሥራዎች ኖታ በኖታ ይለማመዳሉ።