ቶማስ በር ኦስቦርን፦ የዕፅዋት ፕሮቲን ጥናትና ለስኳር ሕመም ምርምር ያለው ፋይዳ

የስኳር ሕመምን ለመቆጣጠር የሚያግዙ ፔፕታይዶችን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው የዘሩን ፕሮቲኖች በመሟሟት ባሕርያቸው በመለየት ነው። ይህን የአከፋፈል ሥርዓት ያቆሙት አሜሪካዊው ኬሚስት ቶማስ በር ኦስቦርን ናቸው። የስኳር ሕመም የጥናታቸው ርዕስ ባይሆንም፣ የሄዱበት መንገድ ለዛሬው ምርምር መመዘኛ ሊሆን ይችላል።

ኦስቦርን እ.ኤ.አ. በ1859 በኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ተወለዱ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1885 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በ1886 በዚያው ከተማ የሚገኘውን የኮነቲከት የግብርና ምርምር ጣቢያ ተቀላቅለው እስከ 1928 ሠሩ። ከሊቢሽ ዘመን የተወረሰው አስተሳሰብ የዕፅዋት ፕሮቲኖች ጥቂት ዓይነት ብቻ እንደሆኑና ከእንስሳት ፕሮቲኖች እንደማይለዩ ይገልጽ ነበር። ጀርመናዊው ሪትሃውዘን ይህን አስተሳሰብ አስቀድመው ተቃውመውታል። ኦስቦርን ደግሞ ከአጃ ጀምረው ከ30 በላይ የዘር ዓይነቶችን በመመርመር፣ የየዘሩ ፕሮቲኖች የተለያዩ መሆናቸውን በማያሻማ ሁኔታ አረጋገጡ። በውሃ የሚሟሙትን አልቡሚን፣ በጨው ውህድ የሚሟሙትን ግሎቡሊን፣ በአልኮል የሚሟሙትን ፕሮላሚን፣ በቀጭን አልካሊ ወይም አሲድ የሚሟሙትን ግሉቴሊን በማለት በአራት ከፈሏቸው። ፕሮላሚን የሚለው ስያሜ የተወሰደው እነዚህ ፕሮቲኖች ሲፈራርሱ በብዛት ከሚሰጧቸው ከፕሮሊንና ከአሞኒያ ነው።

ኦስቦርን በኬሚካዊ ትንተና ብቻ አልረኩም። ከ1909 ጀምሮ ከዬሉ ፕሮፌሰር ላፋየት ሜንደል ጋር በመተባበር የተጣሩ ፕሮቲኖችን ለአይጦች መመገብ ጀመሩ። የበቆሎን ፕሮቲን ዜይንን ብቻ የተመገቡ አይጦች ክብደታቸው ቀነሰ። ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው ክብደታቸው ባለበት ጸና፤ ላይሲንም ሲታከል ማደግ ጀመሩ። በዚህም የአንድ ፕሮቲን ዋጋ በአሚኖ አሲድ ይዘቱ እንደሚወሰን በሕያው አካል ታየ።

የዛሬው ጥናት ከዚህ ግኝት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ፔፕታይዶች የሚገኙት ፕሮቲን በኢንዛይም ሲቆራረጥ በመሆኑ ባሕርያቸውን በአብዛኛው የሚወስነው የወላጁ ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ነው። ለምሳሌ ዲፒፒ-4 የተባለው ኢንዛይም የኢንሱሊን መመንጨትን የሚያበረታታውን ጂኤልፒ-1 ሆርሞን ያፈርሳል። ይህን ኢንዛይም ከሚያግዱት ፔፕታይዶች መካከል ብዙዎቹ ፕሮሊን ያላቸው ስለሆኑ፣ በፕሮሊን የበለጸጉት ፕሮላሚኖች የተመራማሪዎችን ትኩረት ስበዋል።

ሆኖም በሙከራ ቱቦ ኢንዛይምን ያገደ ፔፕታይድ በጨጓራና በአንጀት ሊፈራርስ፣ ወይም ወደ ደም ሳይገባ ሊቀር ይችላል። የታማሚን ደም ስኳር ስለመቀነሱ መናገር የሚቻለው ይህን ሁሉ አልፎ በሕያው አካልና በመጨረሻም በሰው ላይ ሲፈተሽ ነው።

ኦስቦርን በ1929፣ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ ከተሰጠ ከሰባት ዓመታት በኋላ፣ አረፉ። ፕሮቲንን አጥርቶ የመለየት ዘዴያቸው በየቤተ ሙከራው ዛሬም ይሠራበታል። የቤተ ሙከራ ውጤትን በሕያው አካል የመመዘን ልማዳቸውም ከዘዴው እኩል ሊወረስ የሚገባው ነው።